የጣርማ በር ቋጠሮ

የወንጀል ልብ ወለድ ሳነብ አንድ ልማድ አለኝ። መጨረሻ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የቤቱን ካርታ በእርሳስ እስላለሁ። ማን የት ተኛ፣ በሩ ወደየት ይከፈታል፣ ከደረጃው ሥር ምን አለ። መጽሐፍ ያዋሱኝ ጓደኞቼ በዚህ ተቀይመውኝ ያውቃሉ። ከነዚያ ካርታዎች አንዱ ግን የቤት አይደለም። የአውቶቡስ ነው። በአንድ በኩል ሁለት፣ በሌላው ሦስት መቀመጫ፣ መሀል መተላለፊያ። 14 ቁጥር ላይ ትልቅ ኤክስ አለ። 15 ላይ «እኔ» ይላል።

ያ ኤክስ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሲከነክነኝ ኖሯል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ነበር የምንሄደው። ደብረ ብርሃን ላይ ራዲያተሩ አስቸግሮ ግማሽ ቀን በላብን። ጣርማ በር ስንደርስ ደግሞ ከመሿለኪያው ወዲህ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል። መሸ። የዚያን አገር ጉም ያየ ያውቀዋል፤ መስኮቱ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ነው የሚለጠፈው። ረዳቱ ወርዶ አየና «እስኪነጋ የሚነሳ አይመስለኝም» ብሎ ተመለሰ። ሰው ጋቢውን አወጣ። እኔ መጽሐፌን አወጣሁ።

መጽሐፉ የአጋታ ክሪስቲ «ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» ነበር። ለገሃር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ። ዩጎዝላቪያ ውስጥ ባቡር በረዶ ይይዘዋል፤ ሌሊቱን አንድ ተሳፋሪ ተገድሎ ያድራል። እኔም ጉም ይዞኝ ይህንን አነባለሁ። እንዴት እንደተመቸኝ አልነግራችሁም።

ማንም አይወርድም

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አራገፉ። መቀነታቸውን ዳበሱ። እንደገና ዳበሱ።

«ቋጠሮዬ! ኧረ ቋጠሮዬን!»

በመሃረብ የተቋጠረ 1,500 ብር። ልጃቸው ከቤሩት የላከችው፣ ለባለቤታቸው ተዝካር የሚሆን። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ሲከፍሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ከአውቶቡሱ አልወረደም፤ ከረዳቱ በቀር። ከወንበር ሥር ተፈለገ። የለም።

ሹፌሩ ወደ ረዳቱ ዞረና «በሩን ዝጋው! ማንም አይወርድም!» አለ። በሩ ቀድሞውንም ዝግ ነበር። በዚያ ብርድ ማን ይወርዳል? ግን ቃሉ ሲነገር ሁላችንም ተያየን። ቅድም ዳቦ ቆርሰን የተካፈልን ሰዎች ነን።

የዝግ ቤት ግድያ የሚባለው ታሪክ ሁሉ የሚጀምረው በዚህች ቅጽበት ነው። ደሴት ይሁን፣ በረዶ የከበበው ቤት ይሁን፣ ገዳም ይሁን ለውጥ የለውም። ፖሊስ ሩቅ ነው። የሚገባም የሚወጣም የለም። ስለዚህ ጥፋተኛው እዚሁ፣ ካጠገባችን ነው። ክሪስቲ በ1939 በፈረንጅ አቆጣጠር አሥር ሰው ደሴት ላይ ቆልፋ አንድ በአንድ ስትጨርሳቸው የሚያስፈራው ሞቱ አይደለም። ቡና የሚያቀብልህን ሰው እጅ ማየት መጀመርህ ነው።

ጨዋታው ሕግም አለው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በ1929 ለመርማሪ ልብ ወለድ አሥር ትእዛዛት አውጥቶለታል። እንደ ሙሴ መሆኑ ነው። ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል አይፈቀድም ይላል። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ የለበትም ይላል። ሰባተኛው፣ መርማሪው ራሱ ወንጀሉን መፈጸም የለበትም። ይህን ሰባተኛውን ሁልጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የማየው።

እኔ ያኔ ቀልድ ላይ አልነበርኩም። ሥራ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ 14 ቁጥር ላይ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ልጅ ተቀምጧል፤ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። አንደኛ፣ መንገዱን ሙሉ ጃኬቱን አላወለቀም። ሁለተኛ፣ ከሴትዮዋ ጀርባ የተቀመጥነው እኔና እሱ ነን። ሦስተኛ፣ አንዱ ተሳፋሪ «እንፈተሽ!» ሲል ሁሉም እሺ አለ፤ ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ «እኔ አልፈተሽም» አለ።

አውቶቡሱ ተንጫጫ። «ለምን አትፈተሽም? ንጹሕ ከሆንክ ምን አስፈራህ?» አንዷ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች። ልጁ ዝም። በዚህ መሀል ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ደብረ ብርሃን ላይ ሲሳፈሩ ከኋላቸው ቆሞ ነበር» አልኩ።

እውነት ነው፤ ቆሞ ነበር። ያልተናገርኩት የቆመበትን ምክንያት ነው። ሻንጣቸውን እያነሳላቸው ነበር።

ሽማግሌው

ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ተነስተው ወደ ልጁ መምጣት ጀመሩ። ያኔ ከፊት ወንበር ከዘራ ወለሉን መታ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔማ የተኙ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉት ሹፌሩን፣ «አውጫጭኝ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም አባቴ።»

«እኛ አገር የሰው ከብት ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት የለም። አንድ ቀንም ይሁን ሦስት ቀን። ሌባው ካልተገኘ ያው አገሬው ይከፍላል።»

ከኋላ አንዱ «እና እኛም ሦስት ቀን እንደር ነው የሚሉት?» ብሎ ሳቀ። ሌሎችም ሳቁ። ጎረምሶቹ ቆሙ። ሽማግሌው የፈለጉት እሱን ይመስለኛል፤ እንዲስቁ።

አውጫጭኝን፣ አንዳንዱ አገር አፈርሳታ የሚለውን፣ ከአያቴ ሰምቼዋለሁ። ያየ ሰው ፊት ለፊት ተነስቶ «እገሌ ነው» ከማለት «ወፍ ነገረኝ» ማለት ይቀለዋል፤ ጎረቤት ነዋ፣ ነገም አብሮ ይኖራል። ያን ዕለት እንግሊዞች በልብ ወለድ የሠሩትን ዝግ ቤት አያቶቼ ሜዳ ላይ እንደኖሩበት ገባኝ። የገባኝ ግን ግማሹ ነው። ኖክስ እንደሚለው ፍንጩ ፊቴ ተቀምጦልኝ ነበር። ለእናንተም ከላይ ጽፌላችኋለሁ። እኔ አለፍኩት።

ሽማግሌው ባዶ ዘንቢል አስመጡ። «መብራቱን አጥፉ። ዘንቢሉ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይምጣ። የያዘም ያልያዘም እጁን ጨብጦ ያስገባ፣ ዘርግቶ ያውጣ። ስልክ የሚያበራ እንዳላይ።»

ዘንቢሉ

ጉም ውስጥ የቆመ አውቶቡስ መብራቱ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚጨልም መናገር ይከብዳል። የገዛ ጉልበቴን አላየሁም። የሚሰማው ሳል ነው፣ የጋቢ መንኮሻኮሽ፣ የዘንቢሉ ጠርዝ የወንበር ብረት ሲነካ። አንድ ሕፃን «እማ፣ ምንድነው?» አለ። እሽሽ ተባለ።

ዘንቢሉ ሲቃረብ ከአጠገቤ ዚፕ ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ እየቆጠረ የሚከፈት ዚፕ። ቀጥሎ የወረቀት ድምፅ። ልቤ ዘለለ። ፊቴን እንኳ አላዞርኩም፤ አያስፈልግም ነበር። በቃ፣ ያዝኩት። በልቤ 14 ቁጥርን ኤክስ ያደረግኩት ያኔ ነው። እርሳሱ ኋላ ነው የመጣው።

ዘንቢሉ እኔ ጋ ደረሰ። እጄን አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ ወደ ፊት አቀበልኩ።

መብራቱ ሲበራ ሁላችንም ከእንቅልፍ የነቃን ይመስል ዓይናችንን ጨፈን ጨፈን አደረግን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ዘረጉና ዘንቢሉን ገለበጡት። ብር ፈሰሰ። የታጠፈ፣ የተጨማደደ፣ አዲስ መቶ ብር፣ ጠርዙ የተበላ አሥር ብር። አንዲት ተማሪ ጮክ ብላ ቆጠረች። 1,835 ብር።

እልልታው ከመጀመሩ በፊት ሴትዮዋ ብሩን አገላብጠው አዩትና «ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። «የኔ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። ሁሉም መቶ መቶ ብር ነው። መሃረቤስ?»

አውቶቡሱ ጸጥ አለ። የዚያን ጸጥታ ርዝመት አሁንም እሰማዋለሁ። መሃረቡ የለም። ቋጠሮው የለም። ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም ጫማውን ነው የሚያየው። የሰረቀ ሰው አንገቱን እንዲያ ይደፋል። የሰጠ ሰውም እንዲያ ይደፋል ለካ።

ሽማግሌው ብሩን ሰብስበው በሴትዮዋ ነጠላ ጫፍ ቋጠሩት። «ይያዙት እማማ። ወልዶ ነው» አሉ።

አሥራ ሁለት ቁስል

እዚህ ላይ የመጽሐፉን መጨረሻ ልናገር ነው። ከወጣ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይቅርታ አልጠይቅም።

ባቡሩ ውስጥ የተገደለው ራቼት የተባለ ሰው ሕፃን ልጅ አግቶ የገደለ፣ ከፍርድ ያመለጠ ሰው ነው። ክሪስቲ ይህን ሐሳብ ያገኘችው በ1932 አሜሪካ ውስጥ ከደረሰው ከአብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ ልጅ እገታ ነው። ሬሳው ላይ አሥራ ሁለት የቢላ ቁስል አለ፤ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ጭረት። መርማሪው ኤርኩል ፗሮ «ከነዚህ ውስጥ ማነው?» ብሎ ሲለፋ ይቆይና መልሱ «ሁሉም» ይሆናል። የሕፃኗ ዘመድ፣ ሞግዚት፣ ሾፌር፣ ወዳጅ። እንደ ፍርድ ሸንጎ አሥራ ሁለት ሆነው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ወግተዋል። የማን ምት እንደገደለው ማንም እንዳያውቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ለግድያ ያዋሉት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህን ያነበብኩት ደሴ፣ አልጋ ይዤ ካረፍኩበት ክፍል፣ በማግስቱ ማታ ነው። አነበብኩና መጽሐፉን ደረቴ ላይ አስቀመጥኩ። 1,835። መሃረብ የሌለው። ልዩ ልዩ ብር። «ካልተገኘ አገሬው ይከፍላል።» ሰውየው እኮ ነግረውን ነበር!

ጨለማው ለሌባው አልነበረም። ወይም ለሌባው ብቻ አልነበረም። ለሰጪው ነው። ማን ስንት እንደሰጠ፣ ማን እንዳልሰጠ እንዳይታይ።

ፗሮ መጨረሻ ላይ ሁለት መፍትሔ ያቀርባል። አንዱ ውሸት ነው፤ ገዳዩ ከውጭ ገብቶ ከባቡሩ ወርዶ አመለጠ የሚል። ሌላው እውነቱ ነው። የባቡር ኩባንያው ሰውና ሐኪሙ ውሸቱን ይመርጣሉ፤ ፗሮም ይተዋል። ልጅ ሆኜ ቢሆን እናደድ ነበር። መርማሪ ስም ሊሰጠኝ ነው የተቀጠረው። ያን ማታ ግን «ወልዶ ነው» የሚለው የሽማግሌው ቃል የፗሮ የመጀመሪያው መፍትሔ ሆኖ ታየኝ። ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚቀበለው ውሸት።

አሻራ የሌለበት ዘመን

ከዚያ ወዲህ ንባቤ ወደ ታሪካዊ የወንጀል ልብ ወለድ አዘነበለ። ጓደኞቼ ለምን ይሉኛል። የጣት አሻራ የለም፣ የደም ምርመራ የለም፣ ስልክ የለም። ያለው ሰው የተናገረው፣ የተቀመጠበትና ፊቱ ነው። በሌላ አነጋገር ያ አውቶቡስ ነው።

እንግሊዛዊቷ ኤሊስ ፒተርስ በ12ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ያኖረችው መነኩሴ ካድፌል አለ፤ ቅጠል ቀማሚ። ለኔ ደግነቱ ትንሽ ይበዛብኛል። ግን በ1977 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ እሱም እውነቱን ደብቆ ነው የሚጨርሰው። የሚገርመው፣ ሳጥን ውስጥ ነው የሚደብቀው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ይህኛውን ልታነቡት ትችላላችሁ።

ራሷ ክሪስቲ በ1944 ከ4,000 ዓመት በፊት በነበረች ግብፅ የግድያ ታሪክ ጽፋለች። ሐሳቡን ያመጣላት የግብፅ ጥናት ሊቁ ስቲቨን ግላንቪል ነው። መነሻዋም ኒውዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የላካቸው ቆፋሪዎች በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሉክሶር አቅራቢያ ያገኟቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ጸሐፊው ሄቃናኽት ይባላል። ሥራው የሙታንን መታሰቢያ መፈጸም ነው፤ የተዝካር ካህን ብንለው ብዙ አንርቅም። ከቤቱ ርቆ ሳለ ለቤተሰቡ ይጽፋል። ለማን ስንት እህል እንደሚሰፈር በዝርዝር ያዛል። ረሀብ ነው፤ እዚህ ሰው መብላት ጀምረዋል ይላል። አዲሲቱን ሚስቴን ለምን በደላችሁ ብሎ ይቆጣል። ሰነን የምትባለውን የቤት ሠራተኛ ደግሞ አስወጡልኝ ይላል።

ደብዳቤው ላይ ማንም አልተገደለም። ሬሳውን የጨመረችው ክሪስቲ ናት። እኔን የያዘችኝ ግን ሰነን ናት። ጥፋቷ ምን እንደሆነ ደብዳቤው በቅጡ አይነግረንም። ከቤቱ ሰው ሁሉ ውጪ የተባለችው እሷ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆን? ዕቃ ጠፍቶ መጀመሪያ የሠራተኛዋ ሻንጣ ሲፈተሽ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ከመጠየቅ አይመለስም። 4,000 ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ማን ይመልስልኛል?

ኡምቤርቶ ኤኮ በ1980 ያሳተመው «የጽጌረዳው ስም» ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕመም ነው። ዘመኑ 1327 ነው፤ በሰሜን ጣልያን ያለ ገዳም፤ ሰባት ቀን። መነኮሳት በየተራ ይሞታሉ። መሀል ላይ ማንም የማይገባበት የመጻሕፍት ቤት አለ። ኤኮ መጽሐፉን ያስጀመረኝ መነኩሴ የመመረዝ አምሮት ነው ብሏል፤ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ደራሲ አላየሁም። ሳነበው የኛ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ግዝት ትዝ አለኝ። ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ፤ የሰረቀው፣ የፋቀው በጴጥሮስና ጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። የኛዎቹ በቃል ይጠብቃሉ፤ የኤኮው መነኩሴ በመርዝ።

መርማሪው ዊሊያም ብልህ ነው። ሟቾቹ በዮሐንስ ራእይ መለከቶች ቅደም ተከተል እንደሚሞቱ ይደርስበታል። በዚያ ተመርቶም ጥፋተኛው ዘንድ ይደርሳል። ከደረሰ በኋላ ግን ቅደም ተከተሉ እንዳልነበረ ይረዳል። አጋጣሚ ነው። የሌለ መስመር ተከትሎ እውነተኛው በር ላይ ደረሰ። እኔም መስመር አስምሬ ነበር፤ ጃኬት፣ ወንበር፣ አልፈተሽም ማለት፣ ዚፕ። ዊሊያም እንኳ በር ላይ ደርሷል። እኔ የደረስኩበትን በር እስካሁን አላውቀውም።

ደብረ ሲና

ሲነጋ መንገዱ ተከፈተ። ቁልቁለቱን ወርደን ደብረ ሲና ቆምን። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ልጁ አንገቱን አውጥቶ «ስንት ነው?» አለ። ነገሩት። የጃኬቱን ዚፕ ከፈተ፣ እጁን ከተተ፣ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መልሶ ዘጋው። «ተዪው እቱ» አላት።

ሌባ ከሆነና ከመለሰ፣ ኪሱ ባዶ ነው። ደሃ ከሆነና ያለውን ከሰጠ፣ ኪሱ ባዶ ነው። መሃረቡን መንገድ ላይ ጥሎት ሊሆን ይችላል። ጨርሶ አይቶት ላያውቅም ይችላል። አልፈተሽም ያለውም ኪሱ ውስጥ ሊያሳየው የሚያፍርበት ነገር ስላለ ይሆናል፤ ወይም ምንም ስለሌለ። አንድ ዚፕ ነው፤ ሁለት መጽሐፍ ይወጣዋል።

ሁለት ቆሎ ገዛሁና አንዱን ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀበለኝ። ፈገግ አላለም። ማታ የተናገርኩትን ሰምቷል እኮ። ኮምቦልቻ ላይ ወረደ። ሴትዮዋ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው መረቁት። ለምን እሱን ለይተው እንደመረቁ አልጠየቅኳቸውም።

ካርታውን ባየሁ ቁጥር ኤክሱን በላጲስ ላጠፋው አስባለሁ። ግን ዓይኔ አጠገቡ ያለው ቁጥር ላይ ይቀራል። ዘንቢሉ ሲመጣ እኔ ጆሮዬን ቀስሬ የሰው ዚፕ ስሰማ ነበር። ኪሴ ውስጥ 400 ብር ነበረኝ። እጄን ጨብጬ አስገባሁ፣ ዘርግቼ አወጣሁ፤ እንደታዘዝኩት። በኔና በሱ መካከል አንድ ክንድ አይሞላም። ጨለማው ለሁለታችንም እኩል ነው። እሱም ጆሮ አለው። ከኔ በኩል ምንም አልተንኮሻኮሸም።